«እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ሲባል ችግሩ የት ጋ ነው? ኤምአርአይ ከመታዘዙ በፊት የሚሰራ ስራ

ይሄን የምጽፈው በዋናነት ለኢንተርኖች፣ ለጂፒዎች (ጠቅላላ ሀኪሞች)ና ጤና ጣቢያ ላይ ብቻችሁን ለምትሰሩ ጤና መኮንኖች ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ አይነት ህመምተኛ ያለው ሰው ቢያነበውም ሀኪሙ ለምን ጉልበት እንደሚመታና የእግር መዳፍ እንደሚቧጥጥ ይገባዋል፣ ግን እቤት ቁጭ ብሎ ለመመርመር አይደለም፣ ድንገት እጅ እግር ከሰነፈ ሆስፒታል ነው የሚኬደው።

በሽተኛው ሰነፈብኝ ብሎ ሲመጣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምንሄደው ምን ይሆን ወደሚለው ነው፣ ስትሮክ ይሆን፣ ዲስክ ይሆን፣ ቲቢ ይሆን እያልን። ቅደም ተከተሉ ግን መጀመሪያ የት፣ ቀጥሎ ምን ነው። የቱ ጋ እንደሆነ ሳታውቁ ኤምአርአይ ብታዙ ማሽኑ የሚያነሳላችሁ እናንተ የጠቆማችሁትን ቦታ ብቻ ነው፣ ሰውየው በሬ ሸጦ ይሁን ከዘመድ ተበድሮ የከፈለው ብር በከንቱ ይሄዳል። ሁለት እግሩ ግትር ያለ ሰው የወገብ ኤምአርአይ ይዞ ሲመጣ ማየት ተለምዷል፣ ህብለ ሰረሰር እኮ አዋቂ ሰው ላይ ኤል 1 እና ኤል 2 የሚባሉት የላይኞቹ የወገብ አከርካሪ አጥንቶች አካባቢ ያልቃል፣ ከዛ በታች ያለው የነርቭ ስሮች ብቻ ነው፣ የስር ጉዳት ደግሞ እግር ያለሰልሳል እንጂ አያገትርም። ፊልሙ ላይ «ዲስክ ትንሽ ወጣ ብሏል» ተብሎ ይጻፋል፣ ጎልማሳ ሰው ላይ ያ የማይጻፍበት ፊልም ብርቅ ነው፣ ከዛ በሽተኛው ዲስክ አለብህ ተብሎ ቀበቶ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እውነተኛው ችግር ደረቱ ወይ አንገቱ ላይ ቁጭ ብሎ።

መዶሻ፣ የጆሮ ማፅጃ ጥጥ፣ የተሰበረ የምላስ መጫኛ እንጨትና የሞባይል መብራት ካላችሁ አብዛኛውን ስራ ትጨርሳላችሁ።

1. ከሁሉ በፊት፣ እየተነፈሰ ነው?

የት ነው የሚለውን ለማሰብ ጊዜ ያለው በሽተኛው ከተነፈሰ ነው። ጡንቻው በቀናት ውስጥ የሰነፈ ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ጊዜ በደንብ ተንፍሶ ሳያቋርጥ ቁጥር እንዲቆጥር አድርጉት። ጤነኛ ሰው ወደ 50 ይጠጋል፣ እስከ 20 መድረስ ካቃተው የመተንፈሻ ጡንቻው እየደከመ ነው። ጭንቅላቱን ከትራሱ ቀና ማድረግ ካልቻለም እንደዛው፣ አንገት የሚያጎነብሰው ጡንቻና ድያፍራም አብረው ነው የሚሰንፉት። ኦክሲጅኑ 95 ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ኦክሲጅን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ የመተንፈሻ ቲዩብ ለማስገባት እየሮጣችሁ ነው። ስፓይሮሜትር (የሚተነፍሰውን አየር የሚለካ መሳሪያ) ካለ በየተወሰነ ሰአት ለኩ፣ አየሩ በኪሎ ከ20 ሚሊ ሊትር በታች ከወረደ አይሲዩ (ጽኑ ህሙማን ክፍል) ነው።

ስኳሩን በጣት ለኩ፣ ይሄ ድርድር የለውም። ስኳር የወረደበት ሰው በግራ ወይ በቀኝ ብቻ ሰንፎ ልክ ስትሮክ መስሎ ይመጣል፣ ግሉኮስ ስትሰጡት ይነሳል። ቀጥሎ ሰአቱን ጠይቁ፣ መቼ ጀመረ ሳይሆን «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያያችሁት ስንት ሰአት ላይ ነው?» ብላችሁ፣ ምክንያቱም የደም መርጋትን የሚያሟሟው መድሀኒት ያለበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ መስኮቱ 4 ሰአት ተኩል ነው፣ ሲነቃ ሰንፎ የተገኘ ሰው ደግሞ የሚቆጠርለት ከተኛበት ሰአት ነው። ሆዱን ከእምብርት በታች ዳብሱ፣ ፊኛው ከተወጠረና ሽንት እምቢ ካለው ህብለ ሰረሰሩ ወይ ታች ያሉት ስሮች እየተጨፈለቁ ሊሆን ስለሚችል ለነገ የሚባል ቀጠሮ የለም።

2. እውነት ሰንፏል ወይስ ደክሞታል?

ደም ማነስ ያለበት፣ የተከፋ፣ ልቡ የደከመ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ አቅም አነሰኝ ይላል። ጥያቄያችሁ ስለ ስራ ይሁን። ምን መስራት አቃተህ? ሽንት ቤት ቁጢጥ ካልክ በኋላ ግድግዳ ሳትይዝ ትነሳለህ? (አገራችን ላይ የዳሌና የጭን ጡንቻ ምርመራ ሰው በየቀኑ ራሱን በራሱ ያደርጋል፣ ጠይቁት ብቻ።) ጋቢ ትከሻሽ ላይ መጣል፣ ፀጉርሽን መጎንጎን ይከብድሻል? እነዚህ ካቃቱ ችግሩ ለግንድ ቅርብ ያለው ጡንቻ ላይ ነው። ቁልፍ መቆለፍ፣ ምጣድ ላይ እንጀራ ማውጣት፣ የጀሪካን ክዳን መክፈት ካቃተ ደግሞ ጫፍ ላይ። ነጠላ ጫማ ከእግሩ እየወለቀ የሚቀርበት ሰው ጫፉ ሰንፏል፣ መውለቁን ሳያውቅ ራመድ ብሎ ከሄደ ደግሞ ስሜቱም የለም ማለት ነው፣ ያ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ስላመመው የማያነሳውን እጅ ሰንፏል አትበሉ። ፓርኪንሰን ያለበት ይዘገያል እንጂ ጉልበቱ አለ፣ የኋላ አንጎል ችግር ያለበት ይንገዳገዳል እንጂ ስትገፉት ይቋቋማል።

3. ፍጥነቱን ጠይቁ

በደቂቃ የመጣ ነገር የደም ስር ነው፣ ወይም የሚጥል በሽታ ተነስቶበት ካለፈ በኋላ የሚቀር ጊዜያዊ ስንፈት ነው (ስለዚህ ሲንፈራገጥ ያየ ሰው አለ ወይ ብላችሁ አስታማሚውን ጠይቁ)። በሰአታትና በቀናት የመጣ ጊላን ባሬ (የሰውነት መከላከያ ነርቮችን የሚያጠቃበት በሽታ)፣ የህብለ ሰረሰር ብግነት፣ ፖታሲየም ማነስ፣ ወይ በድንገት የተጫነ ነገር ነው። በሳምንታትና በወራት ቲቢ፣ እጢ፣ ቢ 12 እጥረት። በአመታት ከሆነ በዘር የሚመጣ ወይ ነርቭ እየሞተ የሚሄድበት በሽታ። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚሰንፍ ማያስቴንያ (የነርቭና የጡንቻ መገናኛ በሽታ) ነው። ይሄ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም፣ እጢም ቢሆን ደም ከፈሰሰበት በደቂቃ ይመጣል።

4. በእጃችሁ ስሩ

ልብስ ይውለቅ። ጋቢ ለብሶ የተመረመረ ጡንቻ አልተመረመረም። ከእጅ ጀርባ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ስጋ፣ ከትከሻ ቁንጮ ላይ ያለውንና የቅልጥም ፊቱን ከሌላኛው ጎን ጋር አወዳድሩ፣ ሟሟ? ዝም ብላችሁ አንድ ደቂቃ ተመልከቱ፣ ቆዳው ስር ጡንቻው ብቻውን ይርገበገባል? ምላስንም አትርሱ፣ ግን አፍ ውስጥ አርፎ ሳለ ነው የምታዩት፣ አውጣ ካላችሁት የማንም ምላስ ይንቀጠቀጣል።

ቀጥሎ ቶን (ጡንቻው አርፎ ሳለ ያለው ውጥረት)። ከጉልበቱ ስር እጃችሁን አስገብታችሁ ድንገት ወደ ላይ ሳብ አድርጉት፣ ተረከዙ ፍራሹን ሳይለቅ ከተንሸራተተ ደህና ነው፣ እግሩ እንዳለ ከፍራሹ ከተነሳ ግትርነት አለ። ቁርጭምጭሚቱን ድንገት ወደ ላይ ገፍታችሁ ያዙ፣ ተደጋግሞ ከመታችሁ ክሎነስ ነው።

የጡንቻው ጉልበት (ጥንካሬው) ከ0 እስከ 5 ይለካል። 0 ምንም የለም፣ 1 ጡንቻው ብቻ ኮምተር ይላል፣ 2 አልጋው ላይ ይንሸራተታል ግን አይነሳም፣ 3 መሬት ስበትን አሸንፎ ይነሳል፣ 4 ትንሽ ይቋቋማል፣ 5 ሙሉ ነው። ስታሸንፉት ሁሉ 4 ከጻፋችሁ ጥቅም የለውም፣ ትልልቅ ጡንቻ ላይ በሰውነታችሁ ክብደት ግፉ፣ እግርንም በተረከዝና በእግር ጣት አራምዳችሁ ፈትኑ፣ ባት የሰውን ሙሉ ክብደት የሚሸከም ጡንቻ ስለሆነ በእጅ ተገፍቶ አይታወቅም። ቀላል ስንፈት ከጠረጠራችሁ «እማማ፣ ሁለት እጅዎን መዳፉን ወደ ላይ አድርገው ይዘርጉልኝ፣ አይንዎን ይጨፍኑ» በሉና ጠብቁ። አንዱ እጅ ወደ ውስጥ እየዞረ ቀስ ብሎ ከወረደ ችግሩ ከላይ (አንጎል ወይ ህብለ ሰረሰር ላይ) ነው፣ ይሄ ምርመራ ሲቲ ስካን ሳይታይ ብዙ ነገር ነግሮኛል።

ሪፍሌክስ (ጅማት ሲመታ ጡንቻው በራሱ የሚሰጠው ምላሽ) ላይ ጅማቱን እንጂ አጥንቱን አትምቱ፣ መዶሻው በራሱ ክብደት ይውደቅ። ካልመጣ የለም ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት «ጣትዎን ቆላልፈው በደንብ ይጎትቱ» በሏቸውና እየጎተቱ ሳለ ምቱ፣ ብዙ የጠፋ ሪፍሌክስ እዛ ላይ ይገኛል። ሲ የአንገት፣ ቲ የደረት፣ ኤል የወገብ፣ ኤስ ከዛ በታች ያለ የነርቭ ስር ነው። የክንድ ፊት ሲ 5 እና ሲ 6፣ የክንድ ጀርባ ሲ 7፣ ጉልበት ኤል 3 እና ኤል 4፣ ቁርጭምጭሚት ኤስ 1 ነው። አገጭ ላይ ጣት አስቀምጣችሁ የምትመቱት የመንጋጋ ሪፍሌክስ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያለ ስለሆነ በጣም ይጠቅማል። እጅም እግርም ሪፍሌክሱ ጨምሮ መንጋጋው ዝም ካለ አንገት ላይ ፈልጉ፣ መንጋጋውም ከጨመረ ከአንገት በላይ ውጡ።

ባቢንስኪ። ሀኪሙ ባቢንስኪ ራሱ ምልክቱን የገለጸው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፣ እስካሁን የሚተካው አልተገኘም። የእግር መዳፍን ከተረከዝ ጀምራችሁ በውጪኛው ጠርዝ ወደ ትንሿ ጣት ሂዱ፣ ከዛ ወደ ውስጥ ዙሩ፣ ቀስ ብላችሁ፣ የምታዩት የአውራ ጣቱን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ነው። ወደ ላይ ከሄደ ጉዳቱ ከላይ ነው። ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ የሄደ ገበሬ መዳፉ ስለጠነከረ በቁልፍ ብትቧጥጡትም ላይሰማው ይችላል፣ ያኔ ከውጪኛው ቁርጭምጭሚት አጥንት ስር ያለውን ለስላሳ ቆዳ ከኋላ ወደፊት ቧጥጡት፣ ቻዶክ ይባላል፣ መልሱ ያው ነው።

5. ከላይ ነው ከታች?

ከአንጎል ተነስቶ ህብለ ሰረሰር ውስጥ እስኪደርስ ያለው መንገድ ላይኛው ሞተር ኒውሮን ነው፣ እዛ ላይ ተቀብሎ እስከ ጡንቻ የሚሄደው ታችኛው። ላይኛው ሲጎዳ ጡንቻው አይሟሽሽም (ስራ በመፍታት ትንሽ ሊቀንስ ይችላል)፣ ይገተራል፣ ሪፍሌክስ ይጨምራል፣ ባቢንስኪ ይወጣል። ስንፈቱም ቅርጽ አለው፣ እጅ ላይ የሚዘረጋው ጡንቻ ይብሳል፣ እግር ላይ የሚያጥፈው ይብሳል፣ ለዛ ነው ስትሮክ የነበረበት ሰው እጁን አጥፎ እግሩን ዘርግቶ እየጠረገ የሚሄደው። ታችኛው ሲጎዳ ይለሰልሳል፣ ይሟሟል፣ ይርገበገባል፣ ሪፍሌክስ ይጠፋል።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ህብለ ሰረሰር ድንገት ሲጎዳ መጀመሪያ ለቀናት አንዳንዴ ለሳምንታት እግሩ ልፍስፍስ ይላል ሪፍሌክሱም ይጠፋል። ስለዚህ ትናንት ከፎቅ የወደቀ ወይ ትናንት ማታ የሰነፈ ሰው እግሩ ስለለሰለሰ ብቻ ጊላን ባሬ ነው ብላችሁ አትዝጉት፣ ስሜቱ ደረት ላይ ተቆርጦ ከጠፋና ሽንት ከታገደ ህብለ ሰረሰር ነው።

ሁለቱ ተቀላቅለው ከመጡም ትርጉም አላቸው። አንገት ላይ የተጫነ ነገር በቦታው ያለውን ስር ይጎዳና እጅ ይለሰልሳል፣ ታች የሚያልፈውን መንገድ ይጎዳና እግር ይገተራል። የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ ጠፍቶ ባቢንስኪ ከወጣ ቢ 12 አስቡ። ስሜት ምንም ሳይነካ አንድ እጅ ላይ መሟሸሽም መርገብገብም የጨመረ ሪፍሌክስም አብረው ከተገኙ ሞተር ኒውሮን በሽታ ነው የምትፈሩት።

6. አሁን ከላይ ወደ ታች ውረዱ

አንጎል። ፊት፣ እጅና እግር በአንድ ጎን። ቋንቋ ከተነካ፣ ወይ ግራ ጎኑን ጭራሽ የረሳ ከሆነ የአንጎል ቅርፊት ነው። ፊትና እጅ ከእግር ከባሰ የመሀለኛው የደም ስር ክልል ነው፣ እግር ብቻ ከባሰ የፊተኛው። ፊት እጅ እግር እኩል ሰንፈው ንግግርም ስሜትም ደህና ከሆነ ሁሉም ክሮች ተጨናንቀው የሚያልፉበት ጥልቅ ቦታ ላይ ያለ ትንሽ ስትሮክ ነው፣ የደም ግፊቱን አይታችሁ ትገረማላችሁ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የአንድ ጎን ስንፈት ሲመጣ ቶክሶፕላዝማ (አንጎልን የሚያጠቃ ጥገኛ ተህዋስ) ከፊት ይሰለፋል። ግንባር የሚባለው ነገር ደግሞ ሰውን ከብዙ ድንጋጤ ያድናል፣ ፊቱ የተጣመመ ሰው ግንባሩን ማሸብሸብ ከቻለ ከላይ ነው ስትሮክ ፈልጉ፣ ግንባሩም ሰንፎ አይኑም አልከደን ካለ የፊት ነርቭ ራሱ ነው፣ ሰዉ ብርድ መታው የሚለው አብዛኛው እሱ ነው።

የአንጎል ግንድ። ተሻግሮ ሲገኝ ታውቁታላችሁ፣ ፊት ወይ አይን በአንድ ጎን፣ እጅና እግር በሌላው። የግራ አይኑ ሽፋን ወድቆ ብሌኑ ሰፍቶ ቀኝ ጎኑ ከሰነፈ መሀለኛው ግንድ ላይ በግራ በኩል ነው። መዋጥ ማቃት፣ ድርብ ማየትና ማዞር አብረው ይመጣሉ።

ህብለ ሰረሰር። እዚህ ጋ ቆየት እንበል፣ አገራችን ላይ ብዙ የሚታይና ብዙ የሚያመልጥ እሱ ነው። ፊት ደህና ሆኖ ሁለት እግር (ወይ አራቱም) ሲሰንፍ፣ ሽንት ሲያስቸግር፣ ስሜት አንድ መስመር ላይ ሲቆረጥ። መስመሩን ለማግኘት የተሰበረ እንጨቱን ይዛችሁ ከእግር ጀምሩና ወደ ላይ ውጡ፣ «መውጋቱ ሲለወጥብዎ ንገሩኝ» ብላችሁ፣ ጀርባንም አትተዉ። ጡት ጫፍ ቲ 4፣ እምብርት ቲ 10 ነው። ግን ጉዳቱ ከምታገኙት መስመር በላይ ሊሆን ይችላል፣ ከውጪ የሚጫን ነገር መጀመሪያ የሚነካው ከእግር የሚመጡትን ክሮች ስለሆነ መስመሩ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ እምብርት ላይ መስመር ካገኛችሁ ከዛ በላይ ያለው ሁሉ ይነሳ።

አንዲት እናት እግሬ ይተሳሰራል ብለው የወገብ ፊልም ይዘው መጡ፣ ልጃቸው ፊልሙን ብርሀን ላይ ዘርግታ እያሳየችኝ። ጉልበታቸውን ስመታ እግሩ ተፈናጥሮ ወንበሩን መታ። እማማ እጅዎስ እንዴት ነው ስላቸው «እሱማ ሽንኩርት መክተፍ ካቃተኝ ቆየሁ፣ እርጅና ነው ብዬ» አሉኝ፣ ማንም ስለ እጃቸው አልጠየቃቸውም ነበር። የመንጋጋ ሪፍሌክስ ዝም፣ የእጅ ጣት ሪፍሌክስ የጨመረ፣ ባቢንስኪ በሁለቱም። አንገት ነው። እግር ለታመመ ሰው ስለ እጅ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

አከርካሪውን አንድ በአንድ በጡጫ መታ መታ አድርጉት፣ የሚያመው ወይ የጎበጠ ቦታ ካለ፣ ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢ ነው እስኪባል ድረስ አትልቀቁት። ቶሎ ከታከመ ሽባ የነበረ ሰው ይሄዳል፣ ይሄን ያየ ሰው ችላ አይልም። ኤችአይቪም ይታይ።

ሁለት እግር ግትር ብሎ፣ ስሜት ሙሉ ሆኖ፣ ሽንት ደህና ሆኖ፣ እጅም ደህና የሆነ ወጣት ወንድ ከደንቢያ፣ ከፎገራ ወይ ከሌላ ጓያ ከሚበቅልበት ደጋ ከመጣ «ወንድሜ፣ ያኔ ሲጀምርህ ምን ነበር የምትበሉት?» በሉት። ጓያ ድርቅንም ውሀ የተኛበት መሬትንም ስለሚችል ሌላው ሰብል ሲጠፋ ገበታውን ሞልቶ ይቀርባል፣ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ውስጡ ያለው ኦዳፕ የሚባል መርዝ ላይኛውን ሞተር ኒውሮን ይጎዳል። አንዳንዱ እንፋሎቱ ነው የመታኝ ይላችኋል። በጣት ጫፍ እየረገጠ፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ፣ ያለ ዱላ፣ በአንድ ዱላ፣ በሁለት ዱላ እያለ የባሰበት ይዳሃል። ከመጣ በኋላ አይብስም፣ አይድንምም። ከአመት ወደ አመት እየባሰ ከሄደ ወይ የስሜት መስመር ካገኛችሁ ጓያ በልቷል ብላችሁ አትተኙ፣ ጓያ የበላ ሰውም ቲቢ ይይዘዋል።

የአከርካሪ ፊልሙ ከላይ እስከ ታች ንጹህ ሆኖ ሁለት እግሩ የገተረ ሰው ካጋጠማችሁ ጭንቅላቱን አንሱ። የሁለቱ እግር ቦታ አንጎል ላይ መሀል ለመሀል ተጠጋግቶ ስለሚገኝ መሀል ላይ የበቀለ እጢ ሁለቱንም ይጫናል።

የፊት ቀንድ ህዋሶች (ህብለ ሰረሰር ውስጥ ታችኛው ሞተር ኒውሮን የሚነሳባቸው)። ስንፈት ያለ ምንም የስሜት ችግር፣ ልፍስፍስ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ጎን የባሰ። ፖሊዮ እዚህ ነው። እድሜው ከ15 በታች የሆነ ልጅ ድንገት እግሩ ልፍስፍስ ካለ ምክንያቱን ብታውቁትም ባታውቁትም ዛሬውኑ ሪፖርት ይደረጋል፣ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና ቢያንስ በ24 ሰአት ልዩነት ይወሰዳል። ጊላን ባሬ ነው ብላችሁ እርግጠኛ ብትሆኑም ሪፖርቱ አይቀርም።

ስር። ህመም አለው፣ ከአንገት ወደ እጅ ወይ ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ፣ ሲያስል የሚብስ። ሲ 5 ክንድ ከጎን ማንሳት፣ ሲ 6 የእጅ አንጓ ወደ ላይ፣ ሲ 7 ክርን መዘርጋት፣ ሲ 8 ጣት መጨበጥ፣ ቲ 1 ጣቶችን መበተን፣ ኤል 2 ጭን ማንሳት፣ ኤል 3 ጉልበት መዘርጋት፣ ኤል 4 እግርን ወደ ላይ፣ ኤል 5 አውራ ጣትን ወደ ላይ፣ ኤስ 1 በጣት ጫፍ መቆም። ሁለቱም እግር፣ መቀመጫው አካባቢ ደንዝዞ ሽንት ታግዶ ከሆነ የታችኛው ስሮች ጥቅል ተጨፍልቋል፣ የወገብ ኤምአርአይ እውነትም የሚታዘዘው ያኔ ነው።

የነርቭ መረብ። ከሞተር ሳይክል ወድቆ ወይ ሲወለድ ተጎትቶ ሙሉ እጁ የሰነፈ፣ ከአንድ ስርም ከአንድ ነርቭም በላይ የሆነ። እዚህ ብዙ አልቆይም።

ነርቭ። አንድ ነርቭ ከሆነ ካርታ ነው። እግሩ ወደ ላይ አልነሳ ያለ ሰው ሲመጣ ጥያቄው ኤል 5 ነው ወይስ ጉልበት ጎን ያለው ነርቭ? እግሩን ቀጥ አድርጋችሁ ደግፉና «ወደ ውስጥ አዙረው» በሉት። ካዞረ ነርቩ ነው፣ ቁጢጥ ብሎ ሲያርም የዋለ ወይ እግሩን አጣምሮ መቀመጥ የሚወድ ሰው ከጉልበቱ ጎን አጥንቱ አንገት ላይ ይጫነዋል፣ ብዙው በራሱ ይመለሳል። ወደ ውስጥ ማዞር ካቃተውና በጎኑ ተኝቶ ሙሉ እግሩን ወደ ላይ ማንሳትም ካቃተው ስሩ ነው። ማዞር አቅቶት፣ የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ ጠፍቶ፣ ዳሌው ግን ደህና ከሆነ መቀመጫ ውስጥ ያለው ትልቁ ነርቭ ነው፣ ህጻን ከሆነ መቀመጫው ላይ መርፌ ተወግቶ እንደነበር ጠይቁ። በነገራችን ላይ ስለዚህ ነው ህጻን ጭን ላይ የሚወጋው።

የእጅ አንጓው የወደቀ ሰውም እንደዛው፣ ክርኑን መዘርጋት ከቻለ ነርቩ ክንድ አጥንት ላይ ተጭኖ ነው፣ ጠጥቶ እጁ ላይ ተኝቶ ያደረ ሰው ታሪክ። ክርን መዘርጋትም ከሰነፈና የሲ 7 ሪፍሌክስ ከጠፋ አንገቱን እዩ። ጣቱን መበተን አቃተው ብላችሁ ሌላ ነርቭ ከመጨመራችሁ በፊት መዳፉን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉለት፣ የወደቀ አንጓ ላይ ጣት መበተን ለማንም ያስቸግራል።

የተለያየ ቦታ ያሉ ነርቮች አንድ በአንድ ከተጎዱ ክርን ጀርባና ጉልበት ጎን ዳብሱ፣ ነርቩ ወፍሮ ገመድ ከሆነ፣ ቆዳው ላይ የነጣና የደነዘዘ ቦታ ካለ ስጋ ደዌ ነው። ጠፍቷል ብሎ የሚያስብ ሀኪም አለ፣ አልጠፋም፣ መድሀኒቱ በነጻ ነው፣ አዲስ አበባ ያለው አለርት ለዚሁ ብሎ የተቋቋመ ሆስፒታል ነው።

ሁለት እግር በቀናት ሰንፎ ወደ ላይ እየወጣ፣ ሪፍሌክስ ጠፍቶ፣ ስሜት እምብዛም ሳይነካ ከመጣ ጊላን ባሬ ነው፣ ከሳምንታት በፊት ተቅማጥ ወይ ጉንፋን ነበረ? የጀርባ ህመም አብሮ ስለሚመጣ ዲስክ ነው ተብሎ ይላካል። ወደ ቁጥር 1 ተመለሱና በየሰአቱ ቁጥር አስቆጥሩት።

የነርቭና ጡንቻ መገናኛ። ሪፍሌክስ ደህና፣ ስሜት ደህና፣ ግን ሲሰራ ይሰንፋል ሲያርፍ ይመለሳል። ወደ ላይ አንድ ደቂቃ እንዲያይ አድርጉት፣ የአይን ሽፋኑ ቀስ እያለ ከወረደ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 2 ደቂቃ ስታስቀምጡበት ከተነሳ ማያስቴንያ ነው። ብሌን አይነካም፣ ብሌን ከሰፋና ስንፈቱ ከላይ ወደ ታች ከወረደ ቦቱሊዝም (በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ ስንፈት) አስቡ። ማያስቴንያ ያለበትን ሰው ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮ ወይ ማግኒዥየም ሰጥታችሁ መተንፈስ እንዳታስቆሙት። ፀረ ተባይ ጠጥቶ ከዳነ በኋላ ደግሞ ከ24 እስከ 96 ሰአት ባለው ጊዜ አንገቱና የመተንፈሻ ጡንቻው ሊሰንፍ ይችላል፣ ላቡና ምራቁ ስለቆመ ብቻ ከዋርድ አታስወጡት፣ በየጊዜው አንገቱን ቀና ያድርግላችሁ።

ጡንቻ። ዳሌና ትከሻ በሁለቱም ጎን እኩል፣ ስሜት ደህና፣ ሪፍሌክስ እስከ መጨረሻው አለ። ስቴሮይድ፣ ስታቲን፣ ታይሮይድ ጠይቁ፣ ሲኬ (ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) አስለኩ። ወንድ ልጅ ሆኖ እጁን ጭኑ ላይ እየደገፈ የሚነሳ፣ ባቱ የወፈረ ከሆነ ዱሼን (በዘር የሚመጣ የጡንቻ በሽታ) ነው። ጠዋት ሲነቃ አራቱም እጅና እግር ልፍስፍስ ብሎ ያገኘውን ሰው ፖታሲየም ሳትለኩ ሪፈር አታድርጉ፣ ላቦራቶሪ ከሌለ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሳ።

7. ምንም ቦታ አልገጥም ሲል

መጀመሪያ ሁለት ቦታ ተጎድቶ እንደሆነ አስቡ። ቀጥሎ ሁቨር የሚባለውን ምርመራ ስሩ፣ በሽተኛው ጀርባው ላይ ተኝቶ እጃችሁን ሰነፈ በተባለው እግር ተረከዝ ስር አድርጉ፣ ተረከዙን ወደ ታች ተጫነኝ ስትሉት የማይጫን፣ ደህናውን እግር አንሳ ስትሉት ግን የሚጫን ከሆነ መንገዱ አልተቆረጠም። ይሄ ማስመሰል ማለት አይደለም፣ ሰውዬው እውነት አልታዘዝ ብሎታል፣ በፊዚዮቴራፒ የሚሻለው አለ፣ ዋርድ ውስጥ መሳቂያ አታድርጉት።

8. ሪፈራሉ ላይ ምን ይጻፋል

«ሁለት እግር ሰነፈ፣ ለተሻለ ምርመራ» የሚል ወረቀት ተቀባዩን ከዜሮ ያስጀምረዋል። እንዲህ ጻፉት፦ በ3 ሳምንት የመጣ የሁለት እግር ስንፈት፣ ጉልበት 2 ከ5፣ ሪፍሌክስ የጨመረ፣ ባቢንስኪ በሁለቱም፣ የስሜት መስመር ቲ 8፣ ሽንት የታገደ፣ እጅና ፊት ደህና፣ ደረት አከርካሪ ሲነካ ያመዋል፣ የደረትና የአንገት ኤምአርአይ ቢነሳ። ይሄን ያነበበ ሰው ስልክ ላይ ሆኖ አልጋ ይፈልግላችኋል። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) አስገቡለት፣ በየ2 ሰአቱ ይገልበጥ፣ ከከፍታ ላይ ወድቆ ከሆነ አንገቱ ታስሮ ይውጣ፣ የመጨረሻውን ጉልበት የለካችሁበትን ሰአት ወረቀቱ ላይ ጻፉ፣ መንገድ ላይ ከባሰበት የሚያውቁት በሱ ነው።